ምስል በቁና አይሰፈርም

ማናቸውም ኪነ ጥበብ መሣሪያ ይሻል። ደራሲ ያለ ብዕር፣ ሠዓሊ ያለ ቡርሽ፣ አዝማሪ ያለ ማሲንቆ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ይሁን እንጂ የብዕሩን ዋጋ ጠይቆ የግጥሙን ደረጃ የሚወስን ሐያሲ፣ የማሲንቆውን እንጨት መርምሮ ዜማው ማረከኝ የሚል አድማጭ እስከ ዛሬ አልታየም። በሲኒማው መንደር ግን ይህን የመሰለ ነገር መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። አንድ ፊልም ሊሠራ ነው በተባለ ጊዜ ታሪኩ ምንድን ነው፣ ተዋንያኑ እነማን ናቸው፣ የሚቀረጸው የትና በምን ሰዓት ነው ከሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በፊት «ካሜራው ስንት ኬ ነው?» የሚለው ይቀድማል። መልሱ «ስምንት» ከሆነ ጠያቂው ይረካል፤ «ሦስት» ከሆነ ፊቱን ያጠቁራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም ከቃላት አልፎ ኪሳችንንና በመጋረጃው ላይ የሚታየውን የሰዎቻችንን ፊት የሚጎዳ መሆኑን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። «ኬ» ማለት ሺህ ነው፤ በምስሉ ወርድ ላይ ያሉትን ነጥቦች ብዛት በግርድፉ ይነግረናል። አራት ኬ በተለመደው ልኩ በአግድም 3,840፣ በቁመት 2,160፣ በጠቅላላው 8,294,400 ነጥቦች ያሉት ምስል ነው። ስምንት ኬ ይህንኑ በአራት ያባዛዋል። ነገር ግን ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር በራሱ ቀለም ለይቶ አያይም። ስለዚህ በአብዛኞቹ የሲኒማ ካሜራዎች ውስጥ በእያንዳንዱ ነጥብ አናት ላይ የአንድ ቀለም ማጣሪያ ተደርጓል፤ ከነጥቦቹ ግማሾቹ አረንጓዴን፣ ሩቦቹ ቀይን፣ የቀሩት ሩቦች ሰማያዊን ብቻ ይቀበላሉ። የጎደለው ቀለም ከጎረቤት ነጥቦች እየተሰላ ይሞላል። እንግዲህ አራት ኬ የተባለው ካሜራ ቀይን በቀጥታ የሚያየው በ2,073,600 ነጥቦች ብቻ ነው ማለት ነው። በቁጥር የሚምል ሰው ቢያንስ ቁጥሩ ምን እንደሚቈጥር ማወቅ ይገባው ነበር።

ከዚህ የከበደ ሁለተኛ ነገር አለ። የሴንሰሩ ስፋት ሳይለወጥ ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ነጥብ ስፋት ያንሳል። በአንድ ደጅ ላይ የዝናብ ውሃ ለመቀበል አራት እንስራ መደርደር ይቻላል፤ በዚያው ደጅ ላይ አርባ ስኒ መደርደርም ይቻላል። ስኒው በዶፍ ጊዜ ቶሎ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በካፊያ ጊዜ ደግሞ የደረሰው ጠብታ ከእርጥበቱ ሊለይ አይችልም። በምስል ቋንቋ ስንተረጕመው፣ ሞልቶ የፈሰሰው ብርሃን ዝርዝሩን አጥቶ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከእርጥበቱ ያልተለየው ደግሞ በጥላው ውስጥ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው የብርሃን ስፋት በ«ስቶፕ» ይለካል። አንድ ስቶፕ በተጨመረ ቁጥር ካሜራው የሚሸከመው የብርሃን ልዩነት በእጥፍ ያድጋል፤ 14 ስቶፕ የ16,384 ለ1፣ 17 ስቶፕ የ131,072 ለ1 ልዩነት ነው።

የነጥብ ብዛት ጠበቆች እዚህ ላይ መልስ እንዳላቸው እናውቃለን። ስምንት ኬ የተቀረጸው ምስል ወደ አራት ሲጠበብ ነጠብጣቡ ይቀንሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ አንክድም። በኮምፒዩተር ለሚሠሩ ትዕይንቶች፣ ምስሉን በኋላ ለመቁረጥና ለማቅረብ፣ እጅግ ሰፊ ለሆነ መጋረጃ ብዙ ነጥብ እንደሚጠቅምም አንክድም። ነገር ግን ሞልቶ የፈሰሰውን ብርሃን የትኛውም ማጥበብ አይመልሰውም። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም እስከ ዛሬ ድረስ የሚያሳዩት በሁለት ኬ ፕሮጀክተር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ንድፈ ሐሳቡ ይህ ከሆነ ታሪኩስ ምን ይመሰክራል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2007 ሬድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሬድ ዋን» የተሰኘውን ባለ አራት ኬ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የጀርመኑ አሪ «አሌክሳ»ን ይዞ ብቅ አለ። የአሌክሳ ምስል ወርድ 2,880 ነጥብ፣ ማለት ሦስት ኬ እንኳ የማይሞላ ነበር። በቁጥሩ ሸንጎ ገና ከበሩ ተሸናፊ መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ2011 እስከ 2015 ለተሠሩ ፊልሞች የተሰጡት አምስት ተከታታይ የኦስካር የሲኒማቶግራፊ ሽልማቶች፣ ማለት የ«ሁጎ»፣ የ«ላይፍ ኦፍ ፓይ»፣ የ«ግራቪቲ»፣ የ«በርድማን» እና የ«ዘ ረቨናንት» ሽልማቶች፣ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአሌክሳ ቤተሰብ ካሜራዎች ለተቀረጹ ሥራዎች የተሰጡ ናቸው።

ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። የአሪ መሐንዲሶች ነጥቦቹን ትልልቅ አደረጓቸው፤ ከእያንዳንዱም ነጥብ የሚወጣውን ምልክት በሁለት መንገድ፣ አንዱን ለጥላው፣ አንዱን ለደማቁ ብርሃን በሚስማማ ኀይል አንብበው መልሰው አዋሐዱት። ነጥብ ሰጡ፤ የብርሃን ስፋት ወሰዱ። ይህ ውል ነው። ካሜራ ሠሪ ሁሉ ይዋዋላል፤ የሚለያዩት ምን ሰጥተው ምን እንደሚወስዱ በመምረጥ ነው።

ሆኖም ኔትፍሊክስ ራሱ ለሚያዘጋጃቸው ፊልሞች አራት ኬ ሴንሰር የግድ ነው የሚል ደንብ ባወጣ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሽልማት የተጫነው አሌክሳ ከተፈቀዱት ዋና ካሜራዎች ዝርዝር ውጭ ሆነ። የሱቅ ማስታወቂያ የጥበብ ሚዛን ሲሆን የሚደርሰው እንዲህ ያለው ነው። በ2020 ብላክማጂክ ባለ 12 ኬ ካሜራ ሲያቀርብ፣ አሪ በ2022 ባወጣው «አሌክሳ 35» ነጥቡን ወደ 4.6 ኬ ብቻ ከፍ አድርጎ ዋናውን ድካሙን በብርሃን ስፋት ላይ አዋለ፤ በራሱ በኩባንያው አለካክ 17 ስቶፕ ደረስኩ ይላል። «በራሱ አለካክ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስቶፕም ቢሆን እያንዳንዱ ሻጭ በገዛ ቁናው የሚሰፍረው ነውና የሁለት ኩባንያዎችን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም።

አሁን ጉዳዩን ወደ ራሳችን መልክዐ ምድርና ወደ ራሳችን ፊት እናምጣው። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በዣንጥላ ሥር ቆመዋል እንበል። ነጠላው ያንጸባርቃል፤ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። የብርሃን ስፋቱ ጠባብ በሆነ ካሜራ ነጠላውን ለማዳን ብንሞክር ፊታቸው ከሰል ይመስላል፤ ፊታቸውን ለማብራት ብንሞክር ሸማኔው የደከመበት ጥበብ ጠፍቶ ነጠላው የወረቀት ቁራጭ ይሆናል። የእኒህን እናት ፊትና ነጠላ በአንድነት የሚያድን ባለ ሦስት ኬ ካሜራና ከሁለቱ አንዱን የሚገድል ባለ ስምንት ኬ ካሜራ ቀርበውልን ብንመርጥ፣ የትኛው ነው «ጥራት» ያለው?

ይህ የጥቁር ሰው ፊት ጉዳይ አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው፣ «ሸርሊ ካርድ» በመባል የታወቀው የቀለም መለኪያ ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። የቀለም ልክ ማለት የእርሷ ቆዳ ልክ ሆነ፤ ጠይሙና ጥቁሩ በዚያ ሚዛን ተሰፍሮ ጎደለ። መሣሪያ ማንን በልቡ ይዞ እንደተሠራ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። በ2016 የታየውና የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመው የባሪ ጄንኪንስ «ሙንላይት» በአሌክሳ ተቀርጾ፣ ሦስቱ ምዕራፎቹ የሦስት የተለያዩ የፊልም ጥሬ ዕቃዎችን ጠባይ እንዲይዙ ቀለማቸው ተሠርቷል። የጥቁር ልጅ ቆዳ በዚያ ፊልም ውስጥ ያበራል። ያበራውም የነጥብ ቁጥር ሳይሆን ብርሃን፣ ካሜራና የቀለም ሥራ ለአንድ ፊት ሲሉ በመስማማታቸው ነው።

ከጃን ሜዳ ወደ ጎጆ ውስጥ እንግባ። ብርሃኑ የምድጃው ፍም ብቻ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው በጨለማ የሚያይ ካሜራ ነው። የሶኒ «ቬኒስ» በ500 እና በ2,500፣ አነስተኛው «ኤፍ ኤክስ 3» በ800 እና በ12,800 አይ ኤስ ኦ ሁለት ሁለት መነሻ አላቸው። ከጎጆው ወጥተን ጉግስ ብንቀርጽ ሌላ ችግር ይገጥመናል፤ አብዛኞቹ ሴንሰሮች ምስሉን የሚያነቡት ከላይ ወደ ታች በመስመር ስለሆነ ካሜራው ፈረሱን ተከትሎ በፍጥነት ሲዞር ቀጥ ያለው ዛፍ ይዘምማል። በ2020 የወጣው የሬድ «ኮሞዶ» ሁሉንም ነጥብ በአንድ ቅጽበት ስለሚያነብ ከዚህ ነጻ ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ከብርሃን ስፋቱ ያስከፍላል።

ክፍያው ግን በምስሉ ላይ ብቻ አይቀርም። በ12 ቢት፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ሳይታመቅ የተቀረጸ አራት ኬ በሰዓት አንድ ቴራባይት ገደማ ይፈጃል፤ ስምንት ኬ ከአራት በላይ። አርባ ሰዓት ቀርጾ ለጥንቃቄ ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው በስምንት ኬ ከ340 ቴራባይት በላይ ቦታ መግዛት አለበት። እርግጥ በማመቅ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማመቅ በበረታ ቁጥር የቆዳው ልስላሴና የጥላው ዝርዝር አብሮ ይሄዳል። ያ የሀርድ ዲስክ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ቴአትር ያዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል። ከተዋንያኑ የልምምድ ቀን፣ ከድምፁ፣ ከመብራቱ ይቀነሳል። በመጨረሻ ተመልካቹ የሚያየው ያልተለማመደ ተዋናይ ያልበራ ፊቱን በስምንት ኬ ሲያሳይ ነው።

ከወዲያኛው ዳርቻ የሚመጡም አሉ። በ2023 የወጣው «ዘ ክሬተር» ያኔ ዋጋው አራት ሺህ ዶላር በማይሞላው ኤፍ ኤክስ 3 ተቀርጾ የለም ወይ፣ እንግዲያው ካሜራ ምንም አይደለም ይላሉ። ይህም ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። የዚያ ፊልም ወጪ ሰማንያ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ትንሹ ካሜራ የተመረጠው በርካሽነቱ ሳይሆን ቀላልና በጨለማ የሚያይ በመሆኑ፣ በጥቂት ሰዎች ሩቅ አገር ለመቅረጽ በማስቻሉ ነው። አዘጋጁ የጠየቀው «ስንት ኬ» ብሎ አልነበረም፤ «ስንት ብር» ብሎም አልነበረም። የታሪኩን ፍላጎት ነው ያስቀደመው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ዋናው ተዋናይ ልብሱን ለብሶ፣ በሚቀረጽበት ቦታና ሰዓት፣ በእጅ ሊገቡ በሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ካሜራዎች ለየብቻ ይቀረጽ። ምስሉ በትንሽ ስክሪን ሳይሆን በሲኒማ ቤት መጋረጃ ላይ ይታይ። የትኛው ካሜራ ምን እንደተባለ ለተመልካቾቹ አይነገር። ያኔ ዓይን ይፍረድ። ሲኒማ የሚያስተምሩ ቤቶችም ለተማሪዎቻቸው የካሜራ ስም ዝርዝር ከማስያዛቸው በፊት ይህን ፈተና ያስተምሩ። ገንዘብ አውጪዎች በውላቸው ውስጥ የነጥብ ቁጥር መጻፉን ትተው የመብራትና የልምምድ ቀናትን ቁጥር ይጻፉ። ቁጥር መቁጠር ካስፈለገ እነዚህ ሊቈጠሩ የሚገባቸው ናቸው።