ከመግቢያ ፈተና እስከ መውጫ ፈተና፦ የከፍተኛ ትምህርትን በብቃት ለማጠናቀቅ የትብብር አስፈላጊነት

ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉ የትምህርት ሥርዓቱን እውነተኛ ገጽታ በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻሉ አበረታች ቢሆንም፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም ከማለፊያ ነጥቡ በታች ናቸው።

ችግሩ በመግቢያው በር ላይ አያበቃም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉት 40.65 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ አልፈዋል። ይሁንና ልዩነቱን ከማስተማር ጥራት ጋር ብቻ ማያያዝ ተገቢ አይደለም። የተሻለ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች በአብዛኛው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡ ሲሆን፣ በግል ተቋማት ከሚማሩት ብዙዎቹ ሥራና ትምህርትን ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ናቸው። ያም ሆኖ የዓመታት ክፍያ የፈጸመ ቤተሰብ ልጁ ያለ ዲግሪ ሲቀር የሚደርስበት ጉዳት ቀላል አይደለም።

መፍትሔው የአንድ ተቋም ድርሻ ብቻ ሊሆን አይችልም። የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል፤ ነገር ግን ለዓመታት የተጠራቀመን ክፍተት በጥቂት ወራት መሙላት አዳጋች ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በተሰኘው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን በመገንባትና በማደስ ላይ ይገኛል። ቀጣዩ እርምጃ ትብብሩን ከሕንፃ ወደ መማር ማስተማሩ ማሸጋገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢያቸው ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራቸውን ቢከፍቱ፣ መምህራንን ቢያሠለጥኑና የማጠናከሪያ ትምህርት ቢሰጡ፣ ነገ የሚቀበሏቸውን ተማሪዎች ዛሬውኑ ማዘጋጀት ይችላሉ። የመውጫ ፈተና ዝግጅትም በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ከእያንዳንዱ ኮርስ ጋር ሊተሳሰር ይገባል።

ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንዲሉ ይመከራል፦

1. በግል ተቋም ከመመዝገብዎ በፊት ተቋሙ፣ ካምፓሱና የሚማሩበት የትምህርት መስክ ዕውቅና ያላቸው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ።
2. ተቋሙ ቀደም ባሉት ዓመታት በመውጫ ፈተና ያስመዘገበውን ውጤት በትምህርት መስክ ለይቶ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁ።
3. የመውጫ ፈተናን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ሆኖም ዳግም የመፈተን ዕድል አለው። ስለዚህ የምዝገባ ጊዜውን ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር በወቅቱ ይከታተሉ።

የፈተና ውጤት የሥርዓቱን ጤንነት የሚያሳይ መለኪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ውጤቱ የሚለወጠው ወላጅ፣ መምህር፣ ተቋምና መንግሥት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተቀናጅተው ሲሠሩ ነው።