ጉና ረጅም ነው፤ በእንግሊዝኛስ?

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ደብተር የማላጣው ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ጉና ኢዝ ኤ ሎንግ ማውንቴን» የሚል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። በአማርኛ መንገዱም፣ ባሕር ዛፉም፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም ረጅም ነው። እንግሊዝኛው ግን ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ ሎንግ፣ ባሕር ዛፉን ቶል፣ ጉናን ሃይ ይላል። «ሎንግ ማለት ረጅም» ተብሎ የሸመደደ ልጅ ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል?

የእንግሊዝኛ ቅጽል አስተምህሯችን እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቃሉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ጽፈን እናስገለብጣለን። ቅጽል ግን ከስሙ ተነጥሎ ትርጉሙ አይጨበጥም። ወፍራም ጋቢ ቲክ ነው፣ ወፍራም ሰው ፋት። ጠንካራ ድንጋይ ሃርድ፣ ጠንካራ ገመድ ስትሮንግ ይባላል።

ስሜት ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። እኛ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ የምንለው በግስ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም በቅጽል ይናገረዋል። ተማሪው ትምህርቱ ሰልችቶት «አይ አም ቦሪንግ» ሲል «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለቱ ነው። የሰለቸው ሰው ቦርድ፣ ያሰለቸው ነገር ቦሪንግ መሆኑን ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ሕግ እንጽፋለን። ልጁ እኮ ልዩነቱን ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል! ደከመው ሌላ፣ አድካሚ ሌላ፤ ፈራ ሌላ፣ አስፈሪ ሌላ። ከዚህ ብንነሳ ትምህርቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

እንዳንነሳ የሚያደርገን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገርን እንደ ጥፋት መቁጠራችን ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ቤቱ እንግሊዝኛ የማይሰማ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም የሚፈተነው በዚሁ ቋንቋ ነው። ጥያቄው «ሞስት» (ከሁሉ የበለጠ) ይበል «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ) ካልለየ፣ ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል። ይህ ያንገበግበኛል።

አማርኛ ከተፈቀደ መምህሩ ሙሉውን ሰዓት በአማርኛ ይጨርሰዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው እውነት አለው፤ እንዲህ ያለ ክፍል አይቻለሁ። እኔ የምለው ግን አምስት ደቂቃ በአማርኛ ልዩነቱን አሳይተን፣ የቀረውን ጊዜ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይናገርበት ነው። የገበያውን ድንች፣ የጠዋቱን ውርጭ፣ የጎረቤቱን በሬ ይግለጽ፤ እያንዳንዱን ቅጽል ከስሙ ጋር አቆራኝቶ ይያዝ።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ የሁለቱን ቋንቋዎች ቅጽሎች ጎን ለጎን የሚያነጻጽር መለማመጃ ቢያዘጋጁልን፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ በየክፍላችን እንሠራበታለን። ሲያዘጋጁትም ከቃላት ዝርዝሩ በፊት የተማሪዎቹን ደብተር ቢመለከቱ እወዳለሁ።