ስሟ የአቢሲኒያ፣ መዝገቧ የእንግሊዝ

በሀና ማርያም ለእህል ነጋዴ ድመት ጌጥ አይደለችም፤ ጆንያ ጠባቂ ናት። ደመወዟ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሲገኝም የሥጋ ቁራጭ ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ስም እንኳ የላቸውም፤ ሁሉም «ውሮ» ናቸው።

ባሕር ማዶ ግን በዚችው አገር ስም የምትጠራ፣ በውድ የምትሸጥ ድመት አለች፤ አቢሲኒያን ይሏታል። ቀጠን ያለች፣ ጡንቻማ፣ ጆሮዋ ትልቅ ናት። ዓይኗ ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ነው። ዋና መለያዋ ፀጉሯ ነው፦ እያንዳንዷ ዘለላ ፈዛዛና ጠቆር ባለ ቀለም ተፈራርቃ የተቀባች ትመስላለች። በዚህም የተነሳ በድሮ ጊዜ እንግሊዞች «ጥንቸል ድመት» ብለዋታል። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አትወድም።

ታዲያ የኢትዮጵያ ናት?

ታሪኩ የሚጀምረው ከመቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ፤ የእንግሊዝ ጦርም ዘውድና ብራና ጭኖ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ ባሳተመው የድመት መጽሐፍ ከጦርነቱ በኋላ ከአቢሲኒያ መጣች ስለተባለች «ዙላ» የምትባል ድመት ጻፈ። ዙላ የእንግሊዝ ጦር ያረፈበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ነገር ግን ያችን ድመት ከዛሬው ዝርያ ጋር የሚያገናኝ የትውልድ ሰነድ የለም። ይባስ ብሎ፣ በሆላንድ ላይደን ሙዚየም ከመቅደላ ዘመቻ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የገባች፣ ይህንኑ መልክ የያዘች ድመት አለች፤ ትውልዷ ህንድ ተብሎ ተጽፎባታል። የዘረመል ጥናቶችም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው።

ስለዚህ «ድመታችን ዓለምን አስደነቀች» ብሎ መኩራት ባዶ ኩራት ነው። ከእንግሊዞቹ መማር የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ መጻፍ። የእናትና የአባት መዝገብ ያዙ፤ የመልክ መስፈርት አወጡ። ዝርያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ድመቶች ብቻ ቀርተዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የዘረመሏ ረቂቅ ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነላት ድመትም «ሲናመን» የምትባል አቢሲኒያን ነበረች። የተመረጠችው ቤተሰቧ የሚያሳውር የዓይን ሕመም ስላለበትና የዘር ሐረጓ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ጥናቱ በሰው ላይ የሚታየውን ተመሳሳይ ሕመም ለማጥናትም ይረዳል።

የውሮስ መዝገብ የት አለ? የለም። ችግሩ ደግሞ በድመት አያበቃም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የሸኮ ከብት የገንዲ በሽታን በመቋቋም ይታወቃል፤ ከሌሎች ከብቶች ጋር በመዳቀሉ ግን ንጹሕ ዘሩ እየመነመነ መሆኑን ተመራማሪዎች ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ያልተጻፈ ዘር ሲጠፋ ለቅሶ የሚደርስ እንኳ አያገኝም።

«ሰው በኑሮ ውድነት እየተንገበገበ ስለ ድመት ወሬ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ያው የእህል ጆንያ ላይ ነው። ድመት የሌለበት መጋዘን የአይጥ መርዝ ይገዛል፤ መርዙ ደግሞ ከአይጧ አልፎ የጎረቤትን ድመት ይገድላል፣ ለሕፃናትም አደጋ ነው። በዚያ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ያልታወቀ እንስሳ ደግሞ አይከተብም።

ሥራው ከባድ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ አለ፤ የአገሪቱን የእንስሳት ሀብት ዘር የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትም አለ። ሀና ማርያምን በመሰሉ ሰፈሮች ክትባት ሲሰጥ የእያንዳንዷን ድመት ቀለም፣ ቁመናና ፎቶ ይዞ መመለስ ይቻላል። በጥቂት ዓመታት የአገር ቤት ድመት ምን እንደምትመስል የሚናገር ማስረጃ ይኖራል።

እስከዚያ ድረስ አቢሲኒያ የሚለው ስም የሌላ አገር ድመት መሸጫ ሆኖ ይቀጥላል። እውነተኛዋ የአቢሲኒያ ድመት ግን ሀና ማርያም ጆንያ ሥር አይጥ ትጠብቃለች፤ ክትባትም መዝገብም የላትም።