አራሷ ዝም ስትል

እኅቶቼ፣ ወልዳችሁ የሳማችሁ፣ የልጅ ልጅ ያቀፋችሁ እኩዮቼ፤ እድሜ ሰጥቶን ብዙ አራስ ቤት ገብተን ወጥተናል፤ ገንፎ አገንፍተናል፣ እልል ብለናል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለን መርቀናል። ዛሬ የምላችሁን የምለው ግን ልቤ ስለ ከበደው ነው፤ በዚያው እልል ባልንበት ቤት ውስጥ፣ እኛ ሕፃኑን ስንስም እናቲቱ ስትጠፋ አይቻለሁና።

እናንተም ሳታዩዋት አልቀራችሁም። እንግዳ ሲገባ ፈገግ ትላለች፤ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትራስጌዋ የተቀመጠው አጥሚት ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ ሳትነካው ይውላል፤ ሕፃኑ ተኝቶላት እንኳ እሷን እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጡቷን ትሰጠዋለች፣ ዓይኗን ግን አትሰጠውም። ምን ሆንሽ ብትሏት ምንም አልሆንኩም ትላለች፤ እውነቱን ብትናገር የምንመልስላትን አስቀድማ ታውቀዋለችና። ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ ወይ፣ ስንቷ በስለት ያጣችውን አግኝተሽ ታማርሪያለሽ ወይ፣ እኛ ወልደን በሳምንታችን ወፍጮ ስንፈጭ መች እንዲህ ሆንን እንላታለን። ቃሉ ለእኛ ምክር ነው፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ አፏን አትከፍትም።

በወለደች በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የሚመጣ ሆደ ባሻነት አለ፤ አብዛኛዋን አራስ ይነካታል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም ይተዋታል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ አልፎ የሚቆየው፣ እየዋለ እያደረ የሚከብደው፣ ሐኪሞች የድኅረ ወሊድ ድባቴ የሚሉት ነው። አንዳንዷን ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ይጀምራታል፣ ሌላዋን ከወለደች ከወራት በኋላ ያገኛታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም፣ ይበልጡን ድባቴ፣ ይይዛቸዋል። እርግዝናውን የተሸከመው ሆርሞን ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ የኑሮ ጭንቀት፣ የባል ክፋት፣ የሚያግዝ ዘመድ ማጣት ሲደራረብ ጉልበተኛዋም ትወድቃለች። ጥጋብ አይደለም። የእምነት ጉድለትም አይደለም።

አያቶቻችን አራስን ብቻዋን አይተዉም ነበር። ምች እንዳይመታት፣ ክፉ ዓይን እንዳያያት ብለው ትራሷ ሥር ብረት አኑረው ቀንም ሌሊትም ሰው ያስቀምጡላት ነበር። የፈሩት ምንም ይሁን ምን፣ ፍርሃታቸው ሰው ከአጠገቧ እንዳይጠፋ አድርጓል። እኛ ከዚያ ሥርዓት ድግሱን ይዘን ጥበቃውን ጥለናል። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በማግስቱ ሁላችንም ወደየቤታችን እንመለሳለን፣ እሷም በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ከሕፃኑና ከተዘጋ በር ጋር ትቀራለች። ባዕድ አገር የወለደችው ልጃችንማ ይህንንም አታገኝ፤ እናቷ ቪዛ ስትጠብቅ እልልታው በስልክ ይደርሳታል።

ይህ ቸልታ ወዴት እንደሚወስድ ያየ ሰው እንዴት ዝም ይላል? መጀመሪያ ሰነፈች ትባላለች፣ ባል ይቆጣል፣ አማት ታማለች፤ ሕፃኑ ይከሳል፣ የክትባቱ ቀን ያልፋል፤ ሌላው የቤቱ ልጅ በእናቱ ፊት ላይ የሚያየውን ዝምታ ይለምደዋል። ደህና እደሩ ብላን በነጋታው በገዛ እጇ ሕይወቷ አልፎ የተገኘችም አለች፤ ያን ቀን ደረታችንን ደቅተን ጋኔን ነው እንላለን እንጂ፣ አራስ ቤት ተቀምጠን ያልናትን የሚያስታውስ አይኖርም።

ግን ገና አልመሸም፤ ሕመሙ በምክክር ይድናል፣ ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒትም ሐኪም ያውቃል። ጸበሉን ተዉ አልልም፤ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ መምከራቸውን እናስታውሳለን፣ ለዚህም ያው ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እንደ እኛ ያሉ አያቶችን አሠልጥኖ፣ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ፤ በአውሮፓውያን 2016 የወጣው ጥናት ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክታቸው ከሌሎቹ ታካሚዎች በእጅጉ ማነሱን አሳየ። ሽበት እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ አራስ ስትጠይቁ ከሕፃኑ በፊት እሷን ጠይቁ። ትተኛለሽ ወይ፣ እህል ይበላልሻል ወይ፣ ራስሽን መጉዳት ያስብሻል ወይ በሏት፤ መጠየቃችሁ ያላሰበችውን አያሳስባትም። ሕፃኑን በ45 ቀኑ ለክትባት ስትወስድ አብራችኋት ሄዳችሁ የእናቲቱን ሁኔታ ለነርሷ ንገሩ፤ ሕክምናው የሚጀመረው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ አይምሰላችሁ። የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ልጁ የእኔ አይደለም የምትል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ የምትንጎራደድ ከሆነች ግን ነገ አትበሉ፤ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ሳትተዉአት በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት። በሰፈራችሁ ክርስትናው አልፎ ሰው የተለያት አራስ ካለች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱላት።