አረጋዊም ቤቱ ድረስ ይጠየቅ

በመንዝና በግሼ ደጋም ሆነ ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ወላጁን የማይጦር ልጅ በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ የአረጋውያን እንክብካቤ ሲነሳ ብዙዎቻችን «የልጆቻቸው ጉዳይ ነው» ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። እኔ መዘጋት የለበትም ባይ ነኝ። ልጁ ወላጁን አልተወም፤ ኑሮ ግን ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ አልፎም ዐረብ አገር ወስዶታል። የሚልከው ገንዘብ ዱቄትና ጨው ይገዛል፤ ውሃ ግን አይቀዳም፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሱ አባትን ክንድ አይደግፍም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እርጅና ከቆላው ይለያል። ብርዱ ሰውን ከእሳት ዳር ያስቀምጣል፤ ጭሱ ደግሞ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። በዚያ ላይ መንዝ የሚገኝበት የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ሲፍቀው ኖሮ ዓይን ይጠፋል፤ ይህን የሚያስቆመውን ቀላል ቀዶ ሕክምና ግን የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል። የሞራ ግርዶሽም በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ዓይኑ የደከመ አረጋዊ ድንጋያማው ደጃፍ ላይ ይወድቃል፤ የወደቀ መደብ ላይ ይውላል፤ የተኛ ሰው ገላ ይቆስላል። የመጀመሪያዋን ምልክት በጊዜ ያየ ሰው ቢኖር ከዚህ አብዛኛው ባልደረሰ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተር የሕክምናውን ወጪ ይሸፍን ይሆናል፤ ባለደብተሩን ግን ከቤቱ አውጥቶ ጤና ጣቢያ አያደርሰውም።

እንዲህ ያለውን ምልክት ቤት ገብቶ የሚያይ ሰው ከዜሮ መፍጠር አያስፈልገንም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ክብደቱም በእናቶችና በሕፃናት ጤና፣ በንጽህናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። በዚህም ብዙ ሕይወት ተርፏል። የፕሮግራሙ ባለሙያ ነፍሰ ጡሯን ስትከታተል፣ እዚያው ቤት ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አያት ግን በአክብሮት ሰላም ብላ ታልፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለአረጋውያን ሊታዩ ይገባል ካላቸው ነገሮች መካከል ማየት፣ መስማት፣ መንቀሳቀስ፣ መመገብ፣ ማስታወስና የልብ ሐዘን ይገኙበታል። ለመነሻው የሚያስፈልገው ጥያቄና ትዕግሥት ነው።

ባለሙያዋ ሥራ በዝቶባታል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። በአንድ ቀበሌ በአብዛኛው ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ገደል ለገደል የሚሄዱትም በእግራቸው ነው። ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከጤና ኬላው መውጣትም ያስቸግራል። ስለዚህ ሁሉንም እሷ ትሥራ አልልም። እሷ በዓመት ጥቂት ጊዜ ትመርምር፣ ትመዝግብ፣ የሚያስፈልገውን ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ፤ በመካከሉ እንጨትና ውሃ የሚያቀብል፣ የታመመውን የሚያገላብጥ ጎረቤት እድሩ በተራ ይመድብ። እድሮቻችን ለሬሳ የሚያሳዩትን ሥርዓት ለሕያው ሰው የማያሳዩበት ምክንያት አልታየኝም። ቀብር ላይ የማይመጣውን ይቀጣሉ አይደል?

መጦሪያ ማዕከል ይሠራ የሚሉም አሉ። በአዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና ላነሳቸው ሰዎች ያደረገው ነገር ምስጋናው አይበቃም። ያ ግን ቤትም ዘመድም ለሌለው ነው። የመንዙ አረጋዊ ቤትም፣ መሬትም፣ ደብርም፣ ማኅበርም አለው፤ ከዚያ ነቅሎ ሌላ ቦታ ማኖር ችግሩን በሌላ ችግር መለወጥ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። አቅም የለም የሚለው መልስ ለሕንፃ ይሠራ ይሆናል፤ ባለሙያዋ ለምትገባበት ቤት ጥቂት ጥያቄ ለመጨመር ግን አይሠራም። የሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ በሚቀጥለው ዕቅዱ፣ ባለሙያዋ በምትሞላው ቅጽ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አንድ ገጽ ይጨምር። የእድር ዳኞችም የሚቀጥለውን ስብሰባ ሳይጠብቁ በየመንደራቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ከአሁኑ ይቁጠሩ።