የቤተ ሰብ ቀንና የክለብ ደንብ

ክለብ የሚባለው ቃል በእኛ ዘንድ ሲነሣ ለብዙ ሰው ፈጥኖ የሚታየው ወይ የእግር ኳስ ቡድን፥ ወይ የሌሊት ጭፈራ ቤት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ሦስተኛውን ዓይነት ነው። ይኸውም አባሎቹ መዋጮ እየከፈሉ፥ ደንብ አውጥተውና ሊቀ መንበር መርጠው ከሥራ በኋላ የሚገናኙበት፥ የሚበሉበት፥ የሚጠጡበትና የሚጫወቱበት ቤት ነው። በመሥሪያ ቤቶችና በድርጅቶች ግቢ «የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት የዚሁ ዘመድ ነው። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ባለው ክበብ አባል ናችሁ፤ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁትም ነገ መዋጮው ከደመወዛችሁ ላይ መቆረጡ አይቀርምና ነገሩን ከወዲሁ ብናስብበት አይከፋም።

የዚህ ዓይነቱ ቤት ወግ የደረጀው በሎንዶን ከተማ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ዋይትስ የተባለው ክለብ በ1693 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፍራንቼስኮ ቢያንኮ የተባለ ጣልያናዊ የከፈተው የቸኮላታ መጠጫ ቤት ነበር። ትኩስ ቸኮላታ ሊጠጡ የሚመጡት መኳንንት በቁማርና በወሬ እየተላመዱ ሲሄዱ በሩን ለማያውቁት ሰው መዝጋት አማራቸው፤ በዚህ ዓይነት መጠጫ ቤቱ ክለብ ሆነ። ሪፎርም የተባለው ደግሞ በ1836 ተቋቋመ። ዡል ቬርን በልብ ወለዱ ዓለምን በ80 ቀን ያዞረው ሰው ጉዞውን የጀመረው ከዚሁ ክለብ ነው።

የነዚህን ቤቶች ደንብ ላየ ሰው ብዙ የሚያስቅ፥ ጥቂትም የሚያስቀና ነገር አለበት። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው አባል ለመሆን ሲያመለክት ነባሮቹ በሳጥን ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ እየጣሉ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ጥቂት ጥቁር ኳስ ከተገኘ ሰውየው ይቀራል፤ ለምን ብሎም አይጠይቅም። በብዙዎቹ ቤቶች ያለ ከረባት አይገባም ነበር፤ ዛሬ ይህ በመጠኑ ላልቷል። በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሥራ ወረቀት መዘርጋት ነውር ነው፤ በዘመናችን ደግሞ በየአዳራሹ በስልክ መነጋገር ተከልክሏል። ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠትም ክልክል ነው። በዚህ ፈንታ አባሎቹ ለገና በዓል ገንዘብ አዋጥተው ለሠራተኞቹ ሁሉ ያከፋፍላሉ። ይህን አንዱን ደንብ ብቻ ወደ አገራችን ማምጣት ቢቻል፥ አስተናጋጁ ለዲሬክተሩ ሦስት ጊዜ ሲጎነበስ መዝገብ ቤት የሚሠራው ግን አንድ ሻይ ለማዘዝ እጁን አንሥቶ ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ነገር ይቀር ነበር።

ከደንቦቹ ሁሉ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን እንግዳን የሚመለከተውን ነው። እንግዳ ከአባል ጋር ይገባል፥ ከአባል ጋር ይወጣል። ስሙ በመዝገብ ይጻፋል። ጥፋት ቢያጠፋ ተጠያቂው የጋበዘው አባል ነው። ገንዘብ ቢኖረውም አይከፍልም፤ ሒሳቡን የሚፈርመው አባሉ ነውና። በብዙ ክለቦች ደግሞ አባሎቹ «ሾርባው ቀዘቀዘ፥ ወንበሩ ተሰበረ» እያሉ የሚጽፉበት የሐሳብ መዝገብ አለ። እንግዳ በዚያ መዝገብ ላይ አይጽፍም። ለአንድ ምሽት ለተጋበዘ ሰው ይህ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ማንም አይከፋበትም።

አሁን ወደ ቤተ ሰብ ቀን እንምጣ። የእንግሊዞች በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። እኛ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ጥላ ስንፈልግ እነሱ ከፀሐይ የሚሸሹበት ጥላ ይፈልጋሉ፤ ክለቦቻቸውም በራቸውን ወደ አትክልት ቦታው ይከፍታሉ። በ1869 የተመሠረተው የኸርሊንግሃም ክለብ በቴምዝ ወንዝ ዳር 17 ሔክታር የሚሆን፥ በድሮው አለካክ ግማሽ ጋሻ የማይሞላ መስክ አለው። እዚያ ቴኒስና ክሮኬት ይጫወታሉ፤ ይዋኛሉ፤ ልጆች በሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ። የወይን ጠጁም በወራቱ ይለወጣል። በብርዱ ጊዜ ከቦርዶ የሚመጣው ቀይ ወይን ጠጅ በሚጠጣበት ቤት፥ በበጋ የሎዋር ሸለቆ ነጭ፥ የፕሮቫንስ ሮዜና በደቡብ እንግሊዝ በሳሴክስና በኬንት የሚጠመቀው አረፋ ያለው ወይን ጠጅ በበረዶ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ምርጫውን የሚያደርገው ከአባሎቹ መካከል የተመረጠ የወይን ጠጅ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሥራ መቅመስ በመሆኑ ለዚህ ሹመት ፈቃደኛ የሚታጣ አይመስለኝም።

በእንዲህ ያለው ቀን ግቢውን የሚያይ ሰው አባሉንና እንግዳውን ለይቶ አያውቅም። ባልም ሚስትም ልጅም አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርጭቆው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። በማግስቱ ባል መጥቶ ጋዜጣውን ያነባል። ሚስቱ ግን በብዙዎቹ ክለቦች ታሪክ ውስጥ ብቻዋን መግባትም፥ በገዛ ገንዘቧ አንድ ብርጭቆ መግዛትም አትችልም ነበር። ትናንት «ቤተ ሰባችን» ተብላ ተጨብጭቦላታል፤ በደንቡ ፊት ግን እንግዳ ናት።

ለዚህ ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስም የሚጠራው የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ክለብ ሴቶችን «ተባባሪ አባል» እያለ ይቀበል ነበር። እነዚህ ሴቶች ዲግሪያቸውን ከወንዶቹ እኩል የተቀበሉ ናቸው፤ ነገር ግን በዋናው ደረጃ መውጣትና በቤተ መጻሕፍቱ መቀመጥ ክልክል ነበረባቸው። የተማረችን ሴት ከመጻሕፍት የሚከለክል የምሩቃን ክለብ! ደንቡ የተለወጠው በ1996 ነው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የካርልተን ክለብ ደግሞ ማርጋሬት ታቸር በ1975 የፓርቲው መሪ ስትሆን ጭንቅ ያዘው። መሪው ሁልጊዜ አባል ነው፤ ሴት ደግሞ አባል አትሆንም። መላ ተፈለገና የክብር አባል ተባለች። ለአንዲት ሴት በሩ በጎን ተከፈተ እንጂ ደንቡ አልተነካም፤ ሴቶች በሙሉ አባልነት የገቡት በ2008 ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በ1831 የተቋቋመው፥ ተዋንያንና ዳኞች የሚበዙበት የጋሪክ ክለብ ነገር ነው። በ2015 ሴቶች ይግቡ ወይስ አይግቡ ተብሎ ድምፅ ቢሰጥ ይግቡ ያሉት 50.5 በመቶ ሆኑ። ደንቡን ለመለወጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለ ነበረ ጉዳዩ ወደቀ። ኋላ ግን ሕግ አዋቂዎች ደንቡን ደጋግመው ቢያነቡት ሴት አትግባ የሚል ቃል አጡበት። ደንቡ ያለው «እሱ» ብቻ ነው። በ1925 የወጣ አንድ የእንግሊዝ የንብረት ሕግ ደግሞ በወንድ የተነገረው ሴትንም ይጨምራል ይላል። እንግዲያስ ሴት ቀድሞውንም አልተከለከለችም ማለት ነው። በግንቦት 2024 ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ይህን ደገፈ፤ ተዋናዮቹ ጁዲ ዴንችና ሺያን ፊሊፕስ ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አባሎች ሆነው ገቡ። ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ዘመን በሩን ዘግቶት የኖረው የልማድ ኃይል ነበረ ማለት ነው።

በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ወጣቶች ይህን ስታነቡ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። በእኛም አዋጆች የትርጓሜ አንቀጽ ላይ በወንድ ፆታ የተገለጸው ለሴትም እንደሚያገለግል የሚናገረውን ቃል በየቀኑ ታዩታላችሁና። በእኛ ክበቦች ሴት ሠራተኛ አባል ናት፤ በዚህ በኩል ከሎንዶኖቹ ቀድመናል ብንል ትዕቢት አይሆንም። ነገሩ የሚከብደው ሠራተኛ ያልሆነችው ሚስት፥ ወይም ሠራተኛ ያልሆነው ባል ዘንድ ሲደርስ ነው።

ከእኔ ጋር የተመረቀ አንድ ወዳጄ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የቤተ ሰብ ቀን ተደርጎ ነበር። ለልጆች የከረጢት ሩጫ፥ ለሴቶች ቡና፥ ለሁሉም ጥሩ ምሳ ቀረበ። ሊቀ መንበሩም ክበቡ የእናንተ ነው ብለው ተናገሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ልጅዋን ይዛ ከበሩ ላይ ብትደርስ ባልዋ ገና ከስብሰባ ስላልወጣ ዘበኛው አላስገባትም። በሐምሌ ዝናብ ከአጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ዘበኛው አልተሳሳተም፤ የያዘው ወረቀት አባል የሌለው ሰው አይግባ ይላል። የተሳሳተው ንግግሩ ነው።

ይህ ሲነሣ አንዳንድ ሰዎች፥ ወንድ ከወንድ ጋር የሚጫወትበት ቦታ ቢኖረው ምን ክፋት አለው ይሉኛል። እኔም ምንም ክፋት የለውም እላለሁ። በሎንዶን የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ክለብ ከ1886 ጀምሮ አለ፤ ወንድን አባል አያደርግም፤ ይህንንም አይደብቅም። ዋይትስም እስከ ዛሬ የወንዶች ነኝ እንዳለ ነው። በግልጽ «የእኛ ብቻ ነው» ካለ ቤት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ በዓመት አንድ ቀን ቤተ ሰብ ሆይ ኑ እያለ፥ በቀረው ቀን ቤተ ሰብን እንደ ባይተዋር ከሚቆጥረው ጋር ነው። መዋጮው የሚቆረጠው ከማን ላይ ነው? ከባል ደመወዝ ነው ይባላል። ያ ገንዘብ ባይቆረጥ ኖሮ የት ይደርስ እንደ ነበር ግን ቤቱን የምታስተዳድረው ታውቀዋለች።

ለዚህ መፍትሔ ባሕር መሻገር አያሻንም። ዕድር አለን። በዕድር መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የባል ስም ነው፤ አባልነቱ ግን የቤቱ ነው። ባል መንገድ ቢሄድ ሚስት መዋጮውን ትከፍላለች፥ ለቀብር ትወጣለች፥ ድንኳኑንም በእርሷ ስም ትጠይቃለች። ባል ቢሞት በብዙ ዕድሮች በቦታው የምትቀጥለው እርሷ ናት። የመዝናኛ ክበብ የአባልነት ካርድ ግን ከባለካርዱ ጋር ይቀበራል፤ አሥር ዓመት መዋጮ የገባበት ቤት ለሙት ልጆች በማግስቱ የሰው ቤት ይሆናል። ለኀዘን ያወቅነውን ደንብ ለጨዋታ ለምን እንደ ረሳነው አይገባኝም።

የክበቦቻችን ጠቅላላ ጉባኤ ሲሰበሰብ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው በቢራ ዋጋ ላይ ነው። በዚህ ዓመት ከቢራው በፊት ግማሽ ሰዓት ተወስዶ በአባልነት ቅጹ ላይ ሁለተኛ የስም መስመር ይጨመር ብዬ አሳስባለሁ። ሁለተኛዋ ባለስም ብቻዋን ትግባ፥ በገንዘቧ ትክፈል፥ በሐሳብ መዝገቡ ትጻፍ፤ መሥሪያ ቤቱን በሚመለከት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ድምፅም ትስጥ። ግቢው ጠባብ ነው የሚል ካለ፥ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት ባዶውን የሚውለውን አዳራሽ ሄዶ ይይ።

የወይን ጠጁም ነገር አይረሳ። የእንግሊዞቹን የበጋ ወይን ጠጅ በወሩ ስም እንቅዳ ብንል በሐምሌ ጭጋግ ቀዝቃዛ ነጭ ይዘን መንቀጥቀጣችን ነው፤ ለዚያ ወር ጉደር ይሻላል። ነጩ፥ የአዋሽ ክሪስታልም ሆነ ካስቴል በዝዋይ የሚጠምቀው፥ ለጥር ፀሐይ ይቆይ። እንግሊዝ አገር 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ምግብ ሲበላ ወይን ጠጅ ቢገዙለት ሕጉ ይፈቅዳል፤ በእኛ አገር ግን በ2019 የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ስለሚከለክል የቤተ ሰብ ቀን አዘጋጆች በዚህ ቸል አይበሉ። ቀማሽ ኮሚቴም የሚቋቋም ከሆነ፥ ከአባሎቹ ግማሾቹ ከሁለተኛው የስም መስመር ይመረጡ።