የሌሊቱ ፈረቃ

ቢከን ሂል ከኛ ጥቂት ቤት አለፍ ብላ የምትኖር እህት አለች፤ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። ዋሺንግተን ስቴት የሚጠይቀውን የ75 ሰዓት ሥልጠና ወስዳ የሰው እናት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ታስታውሳለች። ደመወዝና የእረፍት ቀን አላት። ቤት ስትገባ የገዛ እናቷ ይጠብቋታል። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነጠላቸውን ለብሰው "ቅዳሴ አመለጠኝ" እያሉ በሩን ይታገላሉ፤ ተነሥታ ታግባባቸዋለች። ሥራው ያው የቀኑ ሥራ ነው፤ የሌሊቱ ግን "የልጅ ወግ" ነው የሚባለው።

ሌላ ስቴት ያለው ወንድሟ በየእሑዱ ይደውላል። እናቱ በስልክ አሥር ደቂቃ መርቀው፣ ተጫውተው ስለሚዘጉ "ደህና ናቸው እኮ!" ይላል። በሽታው እንዲህ ነው፤ ለእንግዳ ይደበቃል፣ አብሮ ለሚያድረው ይገለጣል።

አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ የታወቀ ሰው ነው። ምግብ ያመላልሳል፣ አልጋው ሥር ያድራል፣ ነርሷም "የእገሌ አስታማሚ!" ብላ ትጠራዋለች። እዚህ ግን ልጅ ከእናቷ ጋር ክሊኒክ ስትገባ አስተርጓሚ ሆና ትቀራለች። የእናትየውን እንቅልፍ ስታስተረጉም የሷን እንቅልፍ የሚጠይቅ የለም። ማስተርጎሙን ክሊኒኩ በነፃ ለሚያቀርበው ሰው ትታ "ዋና አስታማሚያቸው እኔ ነኝ፣ መዝገቡ ላይ ይጻፍልኝ" ብትል ይሻላል።

ለአስታማሚ የተዘጋጀ ነገርም አለ። እናት ሜዲኬይድ ካላቸውና በግምገማ ብቁ ከሆኑ፣ ስቴቱ ልጃቸውን አሠልጥኖ ሊከፍላት ይችላል። ሜዲኬይድ ባይኖርም ያለ ክፍያ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የተቋቋመ የድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ተተኪ ሰው ልኮ ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ አንዱ አገልግሎቱ ነው። ተቀጥረው የሚሠሩ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ወላጅ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ብዙዎቻችን ይህን ለወሊድ ብቻ እናውቀዋለን።

ከየ100 ዶላሩ 58 ሳንቲም የሚቆረጥብን ዋ ኬርስ ግን ለየቅል ነው። እሱ እዚህ ሠርተን ለከፈልነው ለኛ እርጅና እንጂ፣ በስተርጅና ልጆቻቸው ላመጧቸው እናቶች አይሆንም።

መጀመሪያ የሚደወለው በኪንግ ካውንቲ ለሚገኘው ኮሚኒቲ ሊቪንግ ኮኔክሽንስ ነው። ሲያነሡ "አማርኛ" ይበሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።